ቦሌ፣ አሞሌ፣ የኖራ ድንጋይ ወይስ ፕሪሚክስ? ለወተት ላም ማዕድንና ቫይታሚን አመራረጥ

መኖ ቤት ገብቶ «ለላም የሚሆን ማዕድን ስጡኝ» ማለት ፋርማሲ ገብቶ «መድኃኒት ስጡኝ» እንደ ማለት ነው፤ ሻጩ እጁ የደረሰበትን ያነሳል። ገበያ ላይ ያሉት ነገሮች ግን ሥራቸው ለየቅል ነው። አሞሌ ጨው ነው። ቦሌ ሶዳማ አፈር ነው። የኖራ ድንጋይ ዱቄት ካልሲየም ብቻ ይሰጣል። ዲሲፒ (ዳይካልሲየም ፎስፌት) ካልሲየምና ፎስፈረስ አለው። ፕሪሚክስ ደግሞ በሚሊግራም የሚለኩ ማዕድናትና ቫይታሚኖች ድብልቅ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይሸፍንም። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ግርግሙን ይመልከቱ፦ ላሟ በቀን ምን፣ ስንት ኪሎ ትበላለች?

ሁለት ላሞች፣ ሁለት ዓይነት ጉድለት

አንደኛዋ ከተማ ዳር የምትረባ፣ 450 ኪሎ የምትመዝን፣ በቀን 12 ሊትር የምትታለብ ዲቃላ ናት እንበል። የቀን ቀለቧ 7 ኪሎ ድርቆሽ፣ 4 ኪሎ ፉርሽካና 2 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ ነው። ይህች ላም በግምት 65 ግራም ካልሲየምና 40 ግራም ፎስፈረስ በቀን ያስፈልጋታል። ካልሲየሙን እንደምር፦ ከድርቆሹ ወደ 24 ግራም፣ ከፋጉሎው 12፣ ከፉርሽካው 5 ብቻ፤ በጠቅላላው 41። ፎስፈረሱ ሌላ ታሪክ ነው፤ ፉርሽካው ለብቻው 40 ግራም ያህል ይሰጣታል፣ ፋጉሎው 20፣ ድርቆሹ 10፤ 70 ሞላ። ከሚያስፈልጋት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም።

ለዚህች ላም ዲሲፒ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ውድ የሆነው ፎስፈረሱ ነው፣ እሱ ደግሞ ተርፏታል። የጎደላት 24 ግራም ካልሲየም ሲሆን፣ 38 በመቶው ካልሲየም ከሆነው የኖራ ድንጋይ ዱቄት 65 ግራም ይበቃታል፤ ይኸውም በጣም ርካሹ አማራጭ ነው። አተላና የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ብቅል የሚቀርብላቸው ላሞችም ብዙውን ጊዜ በዚህ በኩል ይመደባሉ። ፉርሽካ ብቻ እየተመገበ የሚደልብ ወይፈን ካለ ካልሲየሙ ለእሱም ያስፈልጋል፤ ፎስፈረስ ሲበዛና ካልሲየም ሲያንስ በሽንት ቧንቧው ጠጠር ይሠራና ሽንት ይዘጋበታል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። «ኖራ» ሲባል ግድግዳ የሚቀባውን የተቃጠለ ኖራ ገዝተው የሚመጡ አሉ። እሱ አፍንና ጉሮሮን ያቃጥላል። የሚፈለገው ያልተቃጠለ፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ውሃ ሲነካው አይሞቅም፣ አይፈላም።

ሁለተኛዋ ላም ገጠር ናት። 250 ኪሎ ትመዝናለች፣ ከጥጃዋ የሚተርፈው 2 ሊትር ነው፣ በበጋ የጤፍ ጭድና የደረቀ ግጦሽ ትበላለች። እሷ ዘንድ ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ካልሲየሙ ከሞላ ጎደል ይደርሳታል፤ ፎስፈረስ ግን ከሚያስፈልጋት 12 ግራም ግማሽ ያህሉን ነው የምታገኘው፤ ጭድ በፎስፈረስ ድሃ ነውና። አጥንት የምታኝክ፣ ፌስታልና ጨርቅ የምትበላ፣ እንጨት የምትልስ ላም አብዛኛውን ጊዜ የምትነግረን ይህንን ነው (ወይም የጨው እጥረትን)። አጥንት ማኘኩ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው፦ ከበሰበሰ ጥንብ የሚመጣ የቦቱሊዝም መርዝ ላሟን ሽባ አድርጎ ይገድላል።

18 በመቶ ፎስፈረስ ያለው ዲሲፒ 35 ግራም ጉድለቷን ይሞላዋል። ግን ከዚያ የተሻለ ምርጫ አለ፦ 1 ኪሎ ፉርሽካ ወይም የኑግ ፋጉሎ። 10 ግራም ገደማ ፎስፈረስ ይዞ ይመጣል፣ ከዚያም በላይ ኃይልና ፕሮቲን ይጨምርላታል። ጭድ ብቻ ለምትበላ ላም ዋናው ረሃብ የፕሮቲንና የኃይል ነው፤ እሱ ሳይሞላ ማዕድን ብቻውን ወተቷን አይጨምርም፣ ኮርማ እንድትፈልግም አያደርጋትም። ፉርሽካ የማይደርስበት ሩቅ ቀበሌ ከሆነ ዲሲፒ ይያዙ።

የአጥንት ዱቄትስ? በፎስፈረስ ከዲሲፒ ጥቂት ቢያንስ ነው። ችግሩ ንጽሕናው ነው። በእንፋሎት ግፊት ካልበሰለ ወይም አመድ እስኪሆን ካልተቃጠለ የአባ ሰንጋን ጀርም ከአንድ በረት ወደ ሌላው ሊያጓጉዝ ይችላል። ሰፈር ውስጥ ተወቅጦ የሚሸጠውን አይግዙ።

ጨው፦ አራት መልክ፣ አንድ ሥራ

ማንኛዋም ላም በየቀኑ ጨው ትፈልጋለች፤ የወተቷ አንዱ ክፍል ሶዲየም ነው፣ መኖዋ ውስጥ ደግሞ እምብዛም የለም። ለ12 ሊትሯ ላም ከ50 እስከ 60 ግራም፣ ለገጠሯ ከ20 እስከ 25 ግራም በቀን ይበቃል። ሶዲየም በሰውነት ውስጥ ተከማችቶ የሚቆይ ነገር ስላልሆነ በየ15 ቀኑ ብዙ አድርጎ ማላስ ትንሽ ትንሹን በየቀኑ እንደ መስጠት አይሆንም።

አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ ቦታ፣ ከአሳሌ አካባቢ ተጠርቦ በግመል የሚወጣው ጨው ነው። በአብዛኛው ንጹሕ የገበታ ጨው ነው፤ ለሶዲየም ጥሩ፣ ለሌላው ባዶ። አዮዲን የለውም።

ቦሌ በስምጥ ሸለቆና በደቡብ ይወጣል፤ ከብቱ ይወደዋል፣ አርቢውም ያምንበታል፣ እምነቱም መሠረት የለሽ አይደለም፤ ሶዲየም አለው፣ ሶዳው ደግሞ የጨጓራን ኮምጣጣነት ያበርዳል። ሆኖም ከጉድጓድ ጉድጓድ ይለያያል፣ አንዱ ጆንያ ውስጥ ግማሹ ተራ አፈር ሊሆን ይችላል። ፎስፈረስን በተመለከተ ተስፋ አይጣልበት። አፈሩ የሚይዘው ብረት ሲበዛ ደግሞ መዳብ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል፤ ስለዚህ ቦሌ ከሚገባው በላይ የሚልሱ ከብቶች መዳብ ሊያጥራቸው ይችላል፦ ጸጉራቸው ይገረጣል፣ በዓይናቸው ዙሪያ መነጽር ያደረጉ ይመስላሉ። በስምጥ ሸለቆ ሌላም ስጋት አለ፤ ፍሎራይድ። የአካባቢው ጥልቅ ጉድጓድ ውሃ የሰውን ጥርስ የሚያበልዘው በዚሁ ነው (የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው)። ያንኑ ውሃ የምትጠጣ ላም ቦሌ ሲጨመርላት ጫናው ይደረባል፤ ጥርሷ ቶሎ ያልቃል፣ ትከሳለች።

አዮዲን ያለው የገበታ ጨው ለላምም ይሆናል። በኪሎ 30 ሚሊግራም አዮዲን ካለው በቀን 50 ግራሙ 1.5 ሚሊግራም ይሰጣታል፤ የሚያስፈልጋት ወደ 6 ሚሊግራም ነው። ሩብ ያህል ማለት ነው። የጎመን ዘር ፋጉሎ የምትበላ ላም አዮዲን ይበልጥ ትሻለች፤ ጎመን ዘር እንቅርት የሚያመጣ ንጥረ ነገር አለው። አንገቱ ያበጠ ወይም ጸጉር የለሽ ጥጃ ከተወለደ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አዮዲን ነው።

የሚላሰው የማዕድን ጡብ፣ ማለትም ብሎኩ፣ ከሁሉም ይበልጥ የሚያታልል ዕቃ ነው። ቀይ ወይም ሰማያዊ ቀለሙና በላዩ የተጻፈው ረጅም የማዕድን ዝርዝር ሙሉ ቀለብ ያስመስሉታል። መለያውን እንዲህ ያንብቡ፦ የሶዲየሙን መቶኛ በ2.54 ያባዙ። «ሶዲየም 38 በመቶ» ካለ 96 በመቶው ጨው ነው፤ ካልሲየምና ፎስፈረስ የሚገባበት ቦታ አልተረፈም። እንደ ጨው ከወሰዱት ግን ደህና ነው፤ ከበረት ርቃ ለምትውል ላምና ለግጦሽ መንጋ ከእሱ የሚቀል የለም። ድክመቱ መጠኑ አለመታወቁ ነው፤ አንዷ ላም ቀኑን ሙሉ ትልሳለች፣ ሌላዋ አፍንጫዋን አታስጠጋም። ከዝናብ ያስጠልሉት።

ዩሪያና ሞላሰስ ያለበት ብሎክ ከዚህ የተለየ ነው፤ ጭድ ለሚበሉ ከብቶች የፕሮቲን ምንጭ ነው። ከ6 ወር በታች ላለ ጥጃ፣ ለፈረስና ለአህያ አይሰጥም። ዝናብ አሟሙቶት ውሃው ከተጠጣ፣ ወይም የተራበች ላም ገምሳ ከበላችው፣ ዩሪያው ይመርዛል።

ፕሪሚክስ መቼ ያዋጣል

መዳብ፣ ዚንክ፣ ማንጋኒዝ፣ አዮዲን፣ ሴሊኒየም፣ ኮባልት። ከእነዚህ ላሟ የምትፈልገው ከግራም በታች ነው፤ መዳብ በአንድ ኪሎ ደረቅ መኖ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ ሴሊኒየም 0.3፣ ኮባልት 0.1 ያህል። በእጅ ቆንጥሮ የሚሰጥ መጠን ስላልሆነ ተለክቶ የተቀመመ ፕሪሚክስ የግድ ይሆናል። በእኛ ግምት ከ8 ሊትር በላይ ለምትታለብ፣ በረት ውስጥ ለምትውል ላም ወጪውን ይመልሳል። በ2 ሊትሯ ላም ግን ቅድሚያው ጨውና አንድ ኪሎ ፉርሽካ ነው።

ለ100 ኪሎ የሚሆን አንድ አቀላቀል፦ 65 ኪሎ ፉርሽካ፣ 32 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፣ 1.5 ኪሎ የኖራ ድንጋይ ዱቄት፣ 1 ኪሎ ጨው፣ ግማሽ ኪሎ ፕሪሚክስ። የፕሪሚክሱ መጠን ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ከረጢቱ ላይ ያለው ይበልጣል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አፍስሶ በአካፋ ማገላበጥ አይሠራም፤ ዱቄቱ አንድ ጥግ ይቀራል፣ አንዷ ላም የአሥሯን ድርሻ ትበላለች። ፕሪሚክሱን መጀመሪያ ከ5 ኪሎ ፉርሽካ ጋር አሽተው ያዋህዱ፣ ያንን ከ20 ኪሎ ጋር፣ ከዚያ ከቀሪው ጋር። ፕሪሚክሱ ከታች እንዳይዘቅጥ ጥቂት ሞላሰስ በውሃ አቅጥኖ መርጨት ይረዳል።

ሦስት ስህተቶች እንስሳ ይገድላሉ። የመጀመሪያው የላም ፕሪሚክስ ለበግ መስጠት ነው፤ በግ መዳብን ከጉበቱ ማስወጣት ስለሚያቅተው ለላም ተራ የሆነው መጠን ቀስ በቀስ ተከማችቶ ይመርዘዋል። ሁለተኛው የሥጋ ዶሮ ፕሪሚክስ ርካሽ ሆኖ ስለተገኘ መጠቀም ነው፤ ሞኔንሲን (ለዶሮ መኖ የሚጨመር የኮክሲዲያ በሽታ መከላከያ መድኃኒት) ያለበት ከሆነ ከገንዳው ትራፊ የቀመሰ አህያ ወይም ፈረስ ልቡ ተጎድቶ ይሞታል። ሦስተኛው «ብዙ ሲሆን ይሻላል» ብሎ ሴሊኒየምን መደራረብ ነው፤ በመኖም በመርፌም በአንድ ጊዜ። የሚያስፈልገው 0.3 ሲሆን 5 ሚሊግራም በኪሎ መኖ ላይ መመረዝ ይጀምራል። በሀገራችን ጤፍና ስንዴ ላይ በተደረጉ ልኬቶች ሴሊኒየም ከቦታ ቦታ በብዙ እጥፍ ሲለያይ ታይቷል፤ የአንዱ ወረዳ ልማድ ለሌላው አይሠራም።

የተከፈተ ከረጢት ከ3 ወር በላይ አይቆይ። ቫይታሚኑ ከመዳብና ከብረት ጋር በአንድ ከረጢት ሲከርም፣ በተለይ ሙቀትና እርጥበት ካገኘው፣ ይሞታል። ዋጋው ስለቀነሰ ብቻ ዓመቱን ሙሉ የሚበቃ መግዛት አያዋጣም።

ቫይታሚን፦ ሣር ወይስ መርፌ

ቢ ቫይታሚኖችን የላሟ ሆድ ውስጥ ያሉ ጀርሞች ይሠሩላታል፣ ቫይታሚን ሲን ጉበቷ ይሠራዋል። ዲን ፀሐይ ይሰጣታል፤ ጨለማ በረት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ካልታሰረች በቀር አይቸግራትም። የሚቀሩት ኤ እና ኢ ናቸው።

ሁለቱም በለምለም ሣር ውስጥ ሞልተዋል፣ ፀሐይ ላይ የከረመ ድርቆሽና ጭድ ውስጥ ግን የሉም ማለት ይቻላል። የላሟ ጉበት የክረምቱን ኤ ለጥቂት ወራት ያቆየዋል፤ ከጥር በኋላ የሚወልዱት ላሞች ላይ ደካማ ወይም ዓይነ ስውር ጥጃ፣ የእንግዴ ልጅ መቅረት፣ ተደጋጋሚ የጡት በሽታ ሲታይ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ለ450 ኪሎ ላም የቀን ፍላጎቱ ወደ 50,000 ዓለም አቀፍ ዩኒት ሲሆን ከ4 እስከ 5 ኪሎ ለምለም ሣር ወይም አልፋልፋ ይሸፍነዋል። በጓሮ ጠርዝ የተተከለ፣ ውሃ የሚጠጣ የዝሆን ሣር ካለዎት የኤ መርፌ መግዛት አያስፈልግዎትም። ለምለም ነገር ፈጽሞ ከሌለ የኤ፣ ዲ፣ ኢ መርፌ ከመውለዷ በፊት መታለብ ባቆመችባቸው ወራት፣ ኢ ከሴሊኒየም ጋር ያለው ደግሞ ከመውለዷ 3 ሳምንት ገደማ በፊት፣ በእንስሳት ሐኪም እጅና በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ይሰጣታል። የኤ መርፌ በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዩኒት ይይዛል። ለሕፃናት በጤና ጣቢያ በ6 ወር አንዴ የሚሰጠው ጠብታ 100,000 ወይም 200,000 ዩኒት መሆኑን ካሰቡ ጠርሙሱ ለምን ከልጅ እጅ መራቅ እንዳለበት ይገባዎታል፤ ለነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ፅንሱን ይጎዳል።

በመውለጃዋ ሰሞን ምርጫው ይገለበጣል

እስካሁን ስለ ካልሲየም የተባለው ለምትታለብ ላም ነው። በመጨረሻዎቹ 3 የእርግዝና ሳምንታት ያንኑ ማድረግ የወተት ትኩሳት መጥራት ነው። ስሙ ትኩሳት ይሁን እንጂ ላሟ ትቀዘቅዛለች፤ ጆሮዋ ይበርዳል፣ አንገቷን ወደ ጎን አጥፋ ትተኛለች። በወለደች በ3 ቀን ውስጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስተኛ ወሊድ በኋላ ይመጣል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ካልሲየም ከመኖ ሲትረፈረፍላት ከአጥንቷ የማውጣት ችሎታዋ ይተኛል፤ በወለደች ዕለት እንገር በአንዴ ካልሲየሙን ሲስብ ሊነቃ አይደርስም። ሶዲየምና ፖታሲየም የበዛበት ቀለብም የላሟን ደም አልካላይን (የኮምጣጣ ተቃራኒ) ስለሚያደርግ ያንኑ ችሎታ ያደነዝዛል።

ስለዚህ በእነዚያ 3 ሳምንታት ቦሌ ይቁም፣ የኖራ ድንጋይ ዱቄቱም ይቁም፣ አልፋልፋው ይቀነስ። ጥቂት ጨው፣ ድርቆሽና ፉርሽካ ይበቃታል። በወለደች ሰዓት ሁሉም ይመለሳል።

ከወለደች በኋላ ሁለት አማራጭ አለ። ቆማ ያለች ግን የምትንቀጠቀጥ ወይም ባለፈው ዓመት ታማ የነበረች ከሆነ በአፍ የሚሰጥ የካልሲየም ጄል። ተኝታ መነሣት ያቃታት ከሆነ በአፍ ምንም አይሰጥም፤ መዋጥ ስለሚሳናት ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። ለእሷ በደም ሥር የሚገባ ካልሲየም ቦሮግሉኮኔት ነው፤ ሐኪሙ የልቧን ምት እያዳመጠ፣ በሰውነት ሙቀት የሞቀ 400 ወይም 500 ሚሊሊትር፣ ቢያንስ በ10 ደቂቃ። ቸኩሎ ማፍሰስ ልብ ያቆማል። በማግሥቱ ጡቷን አሟጦ ማለብ በሽታውን እንደገና ያመጣዋል።

ደም ማስመርመር ምን ይነግራል

የላም ደም ካልሲየም በዴሲሊትር ከ8.5 እስከ 10 ሚሊግራም ነው፤ የሰውም እዚያው ገደማ ነው። ሁለቱም አካል ይህን ቁጥር ለመጠበቅ አጥንቱን ይበላል። ስለዚህ ውጤቱ «ጤናማ» ቢልም የቀለቡ ካልሲየም በቂ ነው ማለት አይደለም፤ ጠቃሚ የሚሆነው በወሊድ ሰሞን ብቻ ነው፤ ከ8 በታች ድብቅ እጥረት፣ ከ5.5 በታች መውደቅ። መዳብም እንዲሁ ነው፤ ጉበት እስኪያልቅበት ድረስ ደም ሙሉ ይመስላል። ለላሟ ከደም ምርመራ በፊት መኖዋን ማስመርመር ይቀድማል፤ ወጪው ያንሳል፣ ውጤቱም ለመንጋው ሁሉ ይሠራል።

ከላሟ ወደ ቤተሰቡ የሚደርሰው

ለላሟ የተሰጠ ሁሉ ወተት ውስጥ አይገባም። የወተት ካልሲየም በሊትር 1.2 ግራም ገደማ ነው፤ ላሟ ብትራብም ከአጥንቷ ወስዳ ያንኑ ትሰጣለች፣ ቢትረፈረፍላትም አይጨምርም። ብረት ምንም ቢደረግ ወተት ውስጥ እዚህ ግባ አይባልም፤ ወተት ብቻ የሚጠጣ ሕፃን ደም ማነስ የሚይዘው ለዚህ ነው፤ ከ6 ወር በታች ላለው ደግሞ የላም ወተት ጭራሽ አይሰጥም። የሚለዋወጡት አዮዲን፣ ሴሊኒየምና ቫይታሚን ኤ ናቸው። የመስከረም ቅቤ ቢጫ፣ የሚያዝያው ነጣ ያለ የሚሆነው በለምለሙ ሣር ካሮቲን፣ ማለትም ቫይታሚን ኤ በሚሠራበት ቢጫ ቀለም ነው።

ኮባልት ከተሟላላት ሆዷ ውስጥ ያሉት ጀርሞች ቢ12 ይሠራሉ፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 1 ማይክሮግራም ያህል አለው፣ አዋቂ ሰው በቀን 2.4 ይበቃዋል። በአትክልት ውስጥ ስለሌለ ረጅሙን ጾም ሁሉ በጥብቅ የሚጾም ሰው የሚያገኘው በፍስክ ወራት ካጠራቀመው ነው። ነፍሰ ጡር ከሆነች ለጤና ባለሙያ ትንገር።

አዮዲን ግን ከወተት አይጠበቅ። አዋቂ በቀን 150፣ ነፍሰ ጡር 250 ማይክሮግራም ያስፈልጋታል፤ የቤቱ ድስት ውስጥ የሚገባው ጨው አዮዲን ያለው ይሁን፣ በተከደነ ዕቃ፣ ከእሳትና ከፀሐይ ርቆ። አሞሌው ለበረት ይቆይ።

ለውጥ እስከ መቼ ይጠበቃል

ጨው የጎደላት ላም በቀናት ውስጥ ሽንትና ግድግዳ መላሷን ትተዋለች። የጸጉር ቀለም ለመመለስ ከ2 እስከ 3 ወር ይወስዳል። ኮርማ የመፈለጓና የመያዟ ጉዳይም ከዚያ አይፈጥንም። ሦስት ወር ተለክቶ ተሰጥቷት ምንም ካልተለወጠ ሌላ ከረጢት አይግዙ፤ ወደ ሆድ ትል፣ ወደ ቀለቧ ብዛት፣ ኮርማ ስትፈልግ ሌሊት የሚያያት ሰው መኖር አለመኖሩን ወደማጣራት ይሂዱ።